ሥዕሉ ሌላ፣ ካፕሱሉ ሌላ፦ ስለ ሮዲዮላ ለቀረበ ጥያቄ

ጥያቄው በአጭሩ ይሄ ነው፦ «ከአራት ወር ወዲህ ሰርትራሊን 50 ሚሊግራም እወስዳለሁ። ጭንቀቱ ቀንሶልኛል፣ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ከሰዓት በኋላ ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። ጓደኛዬ ሮዲዮላ የሚባል የሳይቤሪያ ሥር ሞክሪ አለችኝና በኢንተርኔት አዘዝኩ። ጠርሙሱ ላይ በረዶና ቢጫ አበባ ተስሏል። ከጀርባው ሮዲዮላ ክሬኑላታ፣ 500 ሚሊግራም፣ ሳሊድሮሳይድ 3 በመቶ ይላል። የተፈጥሮ ስለሆነ ከመድኃኒቴ ጋር ችግር የለውም አይደል? ዘሩን ገዝቼ ራሴ ባበቅለውስ?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብዬ እመጣበታለሁ። ካፕሱሉን አትጀምሪው። ጀምረሽው ከሆነ አቁሚና ሰርትራሊኑን ላዘዘልሽ ሐኪም ንገሪው። ሰርትራሊኑን ግን በራስሽ ጊዜ እንዳታቋርጪ። እሱ በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭትና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል፣ ያኔ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት ለሐኪሙም ያስቸግራል።

ደግሞ ላመስግንሽ። የጠርሙሱን ጀርባ አንብበሽ ጽፈሽልኛል። አብዛኛው ሰው የሚልክልኝ የፊቱን ፎቶ ነው፣ የጥያቄሽ ቁልፍ ያለው ግን እዚያች ጀርባ ላይ፣ በደቃቋ ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ሮዲዮላ የአንድ ተክል ስም አይደለም። የወገን ስም ነው፣ በሥሩ ብዙ ዝርያዎች አሉ። በረዶው፣ ሳይቤሪያው፣ ቢጫ አበባው፣ ጓደኛሽ የነገረችሽ ሁሉ የሮዲዮላ ሮዚያ ታሪክ ነው። ያንቺ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ግን፣ ጽሑፉ እውነት ከሆነ፣ ሮዲዮላ ክሬኑላታ ነው። እሱ የቲቤትና የደቡብ ምዕራብ ቻይና ከፍተኛ ተራሮች ተክል ነው፣ አበባውም ቀላ ያለ እንጂ ቢጫ አይደለም። በቻይና ባህላዊ ሕክምና የታወቀ ነው፣ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም። ዘመድ ነው፣ ራሱ ግን አይደለም። የአንዱን ሥዕል ለጥፎ ሌላውን መሸጥ ደግሞ ሌላ ስም የለውም፣ ማጭበርበር ነው።

እንዴት ይለያሉ? ሁለቱም ሳሊድሮሳይድ አላቸው። ሳሊድሮሳይድ ብርቅ ነገር አይደለም። ስሙ ራሱ የመጣው ከአኻያ ዛፍ የላቲን ስም፣ ከሳሊክስ ነው፣ መጀመሪያ የተገኘውም አኻያ ቅርፊት ውስጥ ነው። ሮዛቪን የሚባሉት ውሕዶች ግን የሮዚያ መታወቂያ ናቸው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አንድን ዱቄት «ሮዚያ ነህ ወይስ አይደለህም?» ብለን የምንመረምረው በእነሱ ነው። የሮዚያ ጠርሙስ አብዛኛውን ጊዜ ሮዛቪን 3 በመቶ፣ ሳሊድሮሳይድ 1 በመቶ ይላል። ያንቺው ሳሊድሮሳይድን ጠርቶ ስለ ሮዛቪን ዝም ማለቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

አሁን ስለ ሮዚያ ትንሽ ላውራ፣ ተክሉን ስለምወደው ታገሺኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ሰሜን ኖርዌይ፣ ባሕር ዳር ገደል ላይ ነው። ነፋሱ ሰው ይጥላል። አፈር የሚባል የለም፣ የድንጋይ ስንጥቅ ብቻ። እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ከአንድ ስንዝር ብዙም ያልበለጠ፣ ግራጫ የቀላቀለ አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ወፍራምና ሥጋማ የሆነ ተክል ምንም እንዳልመሰለው ተቀምጧል። ቤተሰቡ የእንዳሁላ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉን ብታዪው ዝምድናውን ወዲያው ታውቂዋለሽ፣ ውኃ አጠራቅሞ የያዘ፣ ላዩን ሰም የቀቡት የሚመስል። በዚያ ሁሉ እርጥበት መሐል ውኃ ማጠራቀም ምን ይሠራለታል ብለሽ ይሆናል። ዓለት ላይ የዘነበ ዝናብ አይቆይም፣ መሬቱ በረዶ ሲሆን ደግሞ ውኃው ቢኖርም ሥር ሊጠጣው አይችልም። ለተክል ብርድም አንድ ዓይነት ድርቅ ነው።

የብርዱ ወራት ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ ይሞታል። ወፍራሙ ሥር ግን ስንቁን ይዞ ከበረዶው በታች ይተኛል፣ በረዶው ሲቀልጥ ከዚያው ጉብታ ላይ አዲስ ቡቃያ ብቅ ይላል፣ እንዲህ እያለ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ወንዱና ሴቱ እንደ ፓፓያ ለየብቻ ነው። የሥሩ ልጥ ነሐስ መሳይ ያብለጨልጫል፣ ሩሲያዎች «ወርቃማ ሥር» የሚሉትም ለዚህ ነው። ሲቆርጡት ጽጌረዳ ይሸታል። አዎ፣ ጽጌረዳ! ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 ሮዲዮላ ሮዚያ ያለው በዚህ ሽታ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከእሱ በፊት ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዶስ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን «ሮዲያ ሪዛ» ብሎ ጽፎታል፣ የጽጌረዳ ሥር ማለት ነው።

የሚበቅልበት አገር ሰፊ ነው። ከሰሜን ካናዳ ተነስቶ በግሪንላንድ፣ በአይስላንድና በስካንዲኔቪያ አልፎ ሳይቤሪያ ይደርሳል። ወደ ደቡብ ሲወርድ ቅዝቃዜውን ፍለጋ ተራራ ይወጣል፤ አልፕስ፣ ካርፓቲያን፣ አልታይ ላይ ታገኚዋለሽ።

የሰሜን ሰዎች ይሄን ተክል ሲጠቀሙበት ካፕሱል የሚባል ነገር አልነበረም። ግሪንላንድ ውስጥ ለጋውን ቅጠልና ቡቃያ እንደ ጎመን ይበሉታል፣ ጥሬውንም፣ ከዘይት ጋርም። አትክልት እንደልብ በማይገኝበት ምድር ቫይታሚን ሲ ያለው ለምለም ቅጠል ትልቅ ነገር ነው፣ ድድ የሚያደማውን የስከርቪን በሽታ ይከላከላል። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ ጣሪያ ላይ ይተክሉት ነበር። የድሮ ቤቶቻቸው ጣሪያ ሣር ያለበት አፈር ነው፣ የሮዲዮላ ሥር አፈሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ውኃ የተሞላው ቅጠል ደግሞ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። የሥሩን ፍል ለፀጉር መታጠቢያም አድርገውታል። ለድካም የሚለው ከብዙዎቹ ጥቅሞቹ አንዱ ብቻ ነበር፣ ዛሬ ገበያው እሱን ብቻ አስቀረው።

ይሄ የሆነው በሶቪየት ኅብረት ጊዜ ነው። በ1947 ኒኮላይ ላዛሬቭ የሚባል ሳይንቲስት «አዳፕቶጅን» የሚል ቃል አመጣ፣ ሰውነት ጫናን እንዲቋቋም ያግዛል የሚባል ነገር ማለት ነው። ከዚያ በ1960ዎቹ ሳይቤሪያ ውስጥ፣ በተለይ ቶምስክ ከተማ፣ ተመራማሪዎች ወርቃማውን ሥር በሰፊው አጠኑት። በ1975 የሶቪየት ጤና ሚኒስቴር በአልኮል የተዘጋጀውን ጭማቂ መድኃኒት ብሎ መዘገበው። ስለ ጠፈርተኛና ስለ ሚስጥራዊ ኮማንዶ የሚወራውን ማስታወቂያው ላይ ታገኚዋለሽ፣ እኔ አልፈዋለሁ።

ይሠራል ወይ? ሁለት ጥናት ላስቀምጥልሽ።

በ2000 የታተመ አንድ ጥናት የሌሊት ተረኛ በሆኑ 56 ወጣት ሐኪሞች ላይ ሮዚያን ሞከረ። ሮዚያ የወሰዱት የአእምሮ ድካም ፈተናዎች ላይ የተሻለ ውጤት አመጡ። ደስ ይላል፣ ጠርሙስ ሻጮችም ይወዱታል። በ2014 ደግሞ ካናዳ ውስጥ 48 የነርስነት ተማሪዎች፣ ፈረቃ የሚሠሩ፣ ግማሾቹ ሮዚያ ግማሾቹ ምንም የሌለበት ካፕሱል ለ42 ቀን እንዲወስዱ ተደረገ። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ የድካሙ መለኪያ ላይ ደህና የሆኑት ምንም የሌለበትን የወሰዱት ናቸው! ይሄኛውን ማንም ጠርሙስ ላይ አይጽፈውም። እንዲህ ዓይነት ጥናቶች ትንንሽ ናቸው፣ አሠራራቸው አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። «በፍጹም አይሠራም» አልልሽም፣ ግን «ተረጋግጧል» የሚልሽን ሰው በጥርጣሬ እዪው።

አንቺን ይበልጥ የሚነካው በ2015 የታተመው ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀላልና መካከለኛ ድብርት ያለባቸው 57 ሰዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ፤ አንዱ ቡድን ሮዚያ፣ አንዱ ያንቺኑ ሰርትራሊን፣ አንዱ ምንም የሌለበት። ለ12 ሳምንት። በሦስቱ መካከል በስታቲስቲክስ የሚያስተማምን ልዩነት አልታየም፣ ሰዎቹም ትንሽ ነበሩ። የጎንዮሽ ችግር ግን ሰርትራሊን ከወሰዱት ይልቅ ሮዚያ በወሰዱት ላይ አነስ ብሎ ታየ። ይሄን ጥናት የሚያነቡ አንዳንዶች «እንግዲያው ሰርትራሊኑን በሮዲዮላ ልቀይር» ይላሉ። ጥናቱ እንዲያ አላለም። በተለይ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ የወሰደ ቡድን አልነበረበትም፣ ያንቺ ጥያቄ እሱ ነበር።

ልብ በዪ፣ ይሄ ሁሉ ስለ ሮዚያ ነው። አንዱም ያንቺን ጠርሙስ አይመለከትም። ክሬኑላታ ከፍታ ላይ ለሚያጋጥም ሕመም ይረዳል ስለሚባል ታይዋን ውስጥ ተራራ በሚወጡ ሰዎች ላይ በወጉ ተሞክሮ ነበር፣ አልከላከለም።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ከሰርትራሊን ጋር ለምን አይሆንም? ሰርትራሊን የሚሠራው ሴሮቶኒን የሚባለው የነርቭ መልእክተኛ በቶሎ ተመልሶ እንዳይወሰድ በማድረግ ነው። የሮዲዮላ ንጥረ ነገሮች ደግሞ በላቦራቶሪ ሙከራ ሴሮቶኒንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ሲያዳክሙ ታይተዋል። አንዱ መውጫውን ይዘጋል፣ ሌላው ማጽጃውን። በሰው ላይ ምን ያህል ይሆናል የሚለው በደንብ አይታወቅም፣ ግን ፓሮክሰቲን ከሚባለው የሰርትራሊን ዘመድ ጋር ሮዲዮላ የወሰዱ አንዲት አዛውንት የሴሮቶኒን መብዛት ምልክቶች ታይተውባቸው በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ምልክቶቹን እወቂያቸው፤ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ መቁነጥነጥ፣ ተቅማጥ፣ የጡንቻ መንዘር፣ ሲብስ ትኩሳትና መቃዠት። ካፕሱሉን ወስደሽ ከነበረና ከእነዚህ ያየሽው ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሌላም አለ፣ ላንቺ ባይሆን ለሚያነብ ሌላ ሰው። ሮዚያ ጉበት ውስጥ መድኃኒት ከሚሰብሩት ኢንዛይሞች አንዱን በመጠኑ እንደሚያዘገይ በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ታይቷል። በዚያው መንገድ የሚያልፉ መድኃኒቶች አሉ፤ ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሎሳርታን። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ዝም ብሎ ሥር ሊጀምር አይገባም፣ በቃ።

«የተፈጥሮ ስለሆነ» ላልሽው፣ አንድ ሥር ድካምን ሊለውጥ የሚችል ጉልበት ካለው ሌላም ነገር ሊለውጥ ይችላል። ምንም ጉዳት የለውም እያሉ በጣም ይሠራል ማለት አይያያዝም።

የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ስለ ሮዚያ የሚለውን ብታዪ ቁጥብነቱ ደስ ይላል። ከጭንቀትና ከውጥረት የሚመጣ ድካምንና የመዛል ስሜትን ለጊዜው ለማስታገስ በባህል ሲሠራበት የቆየ ነው ይላል። ይህን የሚለው ለረጅም ዘመን ጥቅም ላይ መቆየቱን ይዞ ነው፣ በትልልቅ ጥናት ተረጋግጧል ብሎ አይደለም። ለአዋቂ ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች፣ እርጉዝና የምታጠባ ሴት አይወስዱትም። ሁለት ሳምንት ወስዶ ያልተሻለው ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ ይላል። አንቺ አራት ወር ሆኖሻል።

ስለዚህ ድካምሽን እናንሳ። እውነቱን ለመናገር ከሮዲዮላው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰርትራሊን ራሱ አንዳንዱን ሰው ያደክማል፣ ያስተኛል። አንዳንዱን ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ድካሙ በማግስቱ ከሰዓት ይወጣል። ጠዋት ነው ማታ ነው የምትወስጂው? አልጻፍሽልኝም። አንዳንዴ ሰዓቱን መቀየር ብቻ ነገሩን ይፈታዋል፣ እሱን ግን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ እጢ መዳከም፣ የስኳር በሽታ፣ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ድካም ድካም ይላሉ፣ አብዛኞቹም በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃሉ። ከጭንቀቱ ጋር ድብርት ኖሮብሽ በከፊል ብቻ ተሽሎሽ ከሆነም ድካም ወደኋላ ከሚቀሩት አንዱ ነው። ከእነዚህ የትኛውንም ሮዲዮላ አይነካውም። የሚያስፈራኝ ካፕሱሉ ትንሽ ቀስቀስ አድርጎሽ ምርመራውን ሌላ ስድስት ወር እንዳያስረሳሽ ነው።

ማብቀሉን በተመለከተ አሳብሽን አላጣጥልም፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሳምንታት የቆየ ቅዝቃዜ ካላገኘ አይነቃም። አሸዋማ፣ ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል፣ ሙቀት አይወድም። ሞቃት አገር ከሆንሽ እርሺው። በርዶለት ቢበቅል እንኳ ሥሩ ለመድኃኒት የሚበቃው ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። አምስት ዓመት! እስከዚያ ለቅጠሉና ለአበባው ትከባከቢዋለሽ፣ እሱም አያምር አይደለም።

ይሄ የአምስት ዓመት ጉዳይ ነው ጠርሙስሽ ላይ ሥዕልና ጽሑፍ ለምን እንዳልገጠሙ የሚያስረዳው። ቅጠል ቢለቀም ተክሉ ይተርፋል፣ ሥር ሲነቀል ግን ታሪኩ አለቀ። ወንድና ሴቱ ለየብቻ በመሆኑ ደግሞ አንድ ገደል ላይ ያሉት ሴቶች ከተነቀሉ የቀሩት ወንዶች ዘር አያፈሩም። ፈላጊው በዛ፣ ዱሩ ተራቆተ፣ ሩሲያ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ ተክሎች መዝገብ ውስጥ አስገባችው። በ2022 ፓናማ ላይ በተደረገው ስብሰባ አገሮች የሮዲዮላን ወገን በሙሉ ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ አስገቡት፣ ከ2023 ጀምሮ ሥሩ ድንበር ሲያቋርጥ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዕቃው ሲወደድ የተገኘውን ዘመድ መፍጨት ይመጣል። በ2016 ብሪታኒያ ውስጥ ተመራማሪዎች ሮዚያ ተብለው የሚሸጡ 40 ገደማ ምርቶችን ሲመረምሩ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሮዛቪን የሚባል ነገር አልተገኘበትም። ያንቺው ሻጭ ቢያንስ ከጀርባው ክሬኑላታ ብሎ ጽፏል፣ ሌሎቹ ያንንም አይጽፉም።

አንድ ቀን ከሰርትራሊን በሐኪም ምክር ወጥተሽ፣ ምርመራሽም ንጹሕ ሆኖ ሮዲዮላ ልሞክር ካልሽ፣ ሙሉ ስሙን ሮዲዮላ ሮዚያ ብሎ የጻፈ፣ ሮዛቪኑን በቁጥር ያስቀመጠ፣ ከተቻለ በአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የተመዘገበና ከእርሻ የመጣ ይሁን። የአውሮፓው ኤጀንሲ የሚጠቅሰው የደረቅ ጭማቂ መጠን በቀን ከ144 እስከ 400 ሚሊግራም ነው። ጠዋት ይወሰዳል፣ ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የአፍ መድረቅ የሚያመጣባቸው ሰዎችም አሉ።

ለጊዜው ጠርሙሱን አትጣዪው። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺውና ጀርባውን አሳዪው። ሰርትራሊኑን በስንት ሰዓት እንደምትወስጂ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኚ፣ ድካሙ የሚጀምርበትን ሰዓት የአንድ ሳምንት ያህል ወረቀት ላይ ጻፊና እሱንም ይዘሽ ሂጂ። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።